የመናፍስት ማደኛ ሳጥን ለጀማሪ ሳይንቲስት፦ የትኛው ዕቃ ይለካል፣ የትኛው ያታልላል

"ለወጣት ሳይንቲስት" ወይም "ለጀማሪ መንፈስ አዳኝ" እየተባለ በኢንተርኔት የሚሸጠው ሳጥን ከሻጭ ሻጭ ስሙና ቀለሙ ይለያይ እንጂ ይዘቱ ያው ነው ማለት ይቻላል። አምስት መብራት ያሉት የኤሌክትሮማግኔቲክ መስክ መለኪያ፣ ሽጉጥ የሚመስል የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር፣ ከጣቢያ ጣቢያ እየዘለለ የሚለፈልፍ "የመንፈስ ሬዲዮ"፣ አነስተኛ ድምፅ መቅረጫ፣ እንደ ኤል ፊደል የታጠፉ ሁለት የናስ ዘንጎች፣ በሰንሰለት የተንጠለጠለ ድንጋይ፣ አምስት ዓይነት ምልክት የታተመባቸው 25 ካርዶች፣ ሐምራዊ ብርሃን የሚሰጥ የእጅ ባትሪና አንድ ቀጭን መመሪያ።

ፍርዱን ከወዲሁ እንናገር። ከመሣሪያዎቹ አብዛኞቹ በእርግጥም አንድ ነገር ይለካሉ፤ መመሪያው ይለካሉ የሚለው ግን ሌላ ነው። ፊዚክስ እየተማረ ድንገት አስማቱና ረቂቁ ዓለም ያጓጓው ልጅ ይህ ሳጥን ቢደርሰው ብዙ ሊማርበት ይችላል፤ መመሪያውን ወደ ጎን ትቶ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ከመረመረ። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

በማስታወቂያው ፎቶ ላይ ሁልጊዜ ከፊት የሚቀመጠው ባለ አምስት መብራቱ መለኪያ ነው። የሚለካው ተለዋዋጭ መግነጢሳዊ መስክን ነው፤ ማለትም የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ሞተርና ትራንስፎርመር የሚፈጥሩትን። መለኪያ አሃዱ ሚሊጋውስ ሲሆን 10 ሚሊጋውስ 1 ማይክሮቴስላ ነው። በአብዛኞቹ ሞዴሎች አምስተኛው ቀይ መብራት የሚበራው መስኩ ከ20 ሚሊጋውስ፣ ማለትም ከ2 ማይክሮቴስላ ሲያልፍ ነው። መመሪያው ይህን "ኃይለኛ ህልውና" ይለዋል። ዓለም አቀፉ የጨረር ጥበቃ ኮሚሽን በ2010 ባወጣው መመሪያ ግን በ50 ሄርዝ ለማንኛውም ሰው የተቀመጠው ጣሪያ 200 ማይክሮቴስላ ነው። ቀዩ መብራት የሚያስደነግጠው እንግዲህ በጣሪያው አንድ መቶኛ ላይ ነው። የፍሪጅ ሞተር፣ ከሶኬት የሚሠራ ሰዓት፣ የቻርጀር ትራንስፎርመር ሁሉ በቅርብ ሲለኩ ያበሩታል።

መስኩ መነሻው ምን እንደሆነ የሚናገረው ከርቀት ጋር የሚቀንስበት መጠን ነው። ከትንሽ ሞተር ወይም ትራንስፎርመር የሚወጣ መስክ በርቀቱ ኩብ ይቀንሳል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን መስኩ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። መሄጃና መመለሻው ጎን ለጎን ከተዘረጋ ሽቦ ከሆነ ወደ አንድ አራተኛ፣ ብቻውን ከሚሄድ ሽቦ ከሆነ ወደ ግማሽ ብቻ ነው የሚወርደው። በ20፣ በ40 እና በ80 ሴንቲሜትር ርቀት ሦስት ንባብ መውሰድ ብቻ ከሌሊት ሙሉ "እዚህ ያለህ ማን ነህ?" የበለጠ ይነግራል። ችግሩ አምስት መብራት ቁጥር አይሰጥም። መሣሪያው በውስጡ ያለው መጠምጠሚያ አንድ ብቻ ስለሆነም የሚያነበው በአንድ አቅጣጫ ነው፤ እዚያው ቦታ ላይ እጅን ማዞር ብቻ መብራት ያጠፋል፣ ያበራልም። ቁጥር የሚያሳይ ባለ አንድ አቅጣጫ መለኪያ ከሆነ መላው አለ፦ በሦስት ቀጥ ያሉ አቅጣጫዎች ለክቶ የእያንዳንዱን ካሬ ደምሮ የድምሩን ካሬ ሥር መውሰድ። ባለ መብራቱ ላይ ይህን ማድረግ አይቻልም። ለሳይንስ የሚገዛ ከሆነ ባለ ሦስት አቅጣጫና ባለ ቁጥሩን መግዛት ይሻላል።

ከዚህ የሚከፋው ደግሞ የሞባይል ጉዳይ ነው። ርካሾቹ መለኪያዎች ከሬዲዮ ሞገድ በደንብ አልተከለሉም። የጂኤስኤም ስልክ ከአንቴናው ጋር ሲነጋገር በሴኮንድ 217 ጊዜ እየቆራረጠ ስለሚልክ መለኪያው ያንን እንደ መግነጢሳዊ መስክ ያነበዋል። ሰዎች ለ"አዎ" አንዴ፣ ለ"አይ" ሁለቴ ብልጭ በል እያሉ መለኪያውን ሲጠይቁ፣ ኪሳቸው ውስጥ ያለው ስልክ መልስ ይሰጣቸዋል። ስለዚህ ስልክ ሁሉ ጠፍቶ ሌላ ክፍል ይቀመጥ፤ ድምፅ አልባ ማድረግ አይበቃም። አንዳንድ ሞዴል ላይ ማብሪያው ተጭነው ካልያዙት አይሠራም፤ ጣት ሲላላ መብራቶቹ ይርገበገባሉ። መለኪያው በእጅ ሳይያዝ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይሥራ። በመጨረሻም የቤቱን ዋና ማብሪያ አጥፍቶ እንደገና መለካት ነው፤ ሲጠፋ አብሮ የጠፋው ንባብ ከቤቱ ሽቦ የመጣ ነው።

"መስኩ ራሱ አእምሮን ነክቶ መንፈስ ያሳያል" የሚል ክርክርም መመሪያው ውስጥ አይጠፋም። መነሻው ካናዳዊው ተመራማሪ ማይክል ፐርሲንገር ነው፤ ደካማ መስክ የሚያመነጭ የራስ ቁር ያደረጉ ሰዎች አጠገባቸው ሌላ ያለ እንደሚመስላቸው ዘግቦ ነበር። በ2005 የታተመ የስዊድን ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ተሳታፊውም ሞካሪውም መስኩ መብራት አለመብራቱን በማያውቁበት ሁኔታ ሙከራውን ሲደግመው መስኩ ልዩነት አላመጣም። ስሜቱ ይበልጥ የታየው በቀላሉ የሰው ጥቆማ የሚቀበሉ ሰዎች ላይ ነበር።

ቴርሞሜትሩ ጥሩ ዕቃ ነው፤ የተሰጠው ሥራ ግን የማይችለው ነው። መመሪያው አየር ላይ "ቀዝቃዛ ቦታ" ፈልጉበት ይላል። የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር የሚያየው ከ8 እስከ 14 ማይክሮሜትር ያለውን ጨረር ሲሆን ይህ ክልል የተመረጠው አየር ስለሚያሳልፈው ነው። መሣሪያው አየሩን አልፎ ከኋላ ያለውን ግድግዳ ነው የሚያነበው። በክፍሉ መካከል ማንም ቢቆም፣ ምንም ቢቆም፣ የአየሩን ሙቀት አይነግራችሁም። ቀዩ የሌዘር ነጥብም የሚለካው ቦታ አይደለም፤ ማነጣጠሪያ ብቻ ነው። ሳጥኑ ላይ 12፡1 ተብሎ ከተጻፈ፣ ከ3.6 ሜትር ርቀት የሚያነበው 30 ሴንቲሜትር ስፋት ያለውን ክብ አማካይ ነው። የተወለወለ ብረትና የሚያብለጨልጭ የብረት ጌጥ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። መሣሪያው ሁሉም ነገር 95 በመቶ ያህል ጨረሩን ራሱ እንደሚለቅ አስቦ ያሰላል፤ የተወለወለ አሉሚኒየም የሚለቀው ግን 5 በመቶ ገደማ ስለሆነ የሚነበበው ከፊቱ ያለው ዕቃ ነጸብራቅ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የለካው ሰው ራሱ። ትክክለኛውን ለማግኘት የማያብለጨልጭ ጥቁር የኤሌክትሪክ ቴፕ ቁራጭ ዕቃው ላይ ለጥፎ ቴፑን ማንበብ ይቻላል።

ከውጭ ብርድ ወደ ሞቀ ክፍል ገብቶ ወዲያው መለካትም ስህተት ነው፤ መሣሪያው ራሱ ከክፍሉ ሙቀት ጋር እስኪስማማ 20 ወይም 30 ደቂቃ ይፈልጋል። የአየሩን ሙቀት ማወቅ ለሚፈልግ የሚበጀው ጫፉ ላይ ሙቀት የሚለካ ቀጭን ሽቦ ያለው ቴርሞሜትር ነው። ሁለት ይገዛ፤ አንዱ "ቀዝቃዛ" በተባለው ቦታ፣ ሌላው ሁለት ሜትር ራቅ ብሎ በአንድ ከፍታ። ከፍታው አንድ ካልሆነ ወለሉ አካባቢ የሚተኛው ቀዝቃዛ አየር ብቻውን ልዩነት ይፈጥራል። ነፋስ የሚገባበትን ቀዳዳ ለማግኘት ደግሞ በክር የተንጠለጠለ የሶፍት ቁራጭ ከማንኛውም ዕቃ ይበልጣል።

ወደ ሬዲዮው ስንመጣ፣ ሳጥኑ ውስጥ ትልቁ ማጭበርበሪያ ይኸው ነው፤ ትልቁም መማሪያ። አሠራሩ ቀላል ነው። ከ87.5 እስከ 108 ሜጋሄርዝ ያለውን የኤፍ ኤም ክልል በ0.1 ሜጋሄርዝ እየዘለለ ሳያቋርጥ ይቃኛል። ያ ማለት ወደ 205 ዝላይ ነው። እያንዳንዱ ላይ 100 ሚሊሴኮንድ ከቆመ ክልሉን በ20 ሴኮንድ ይጨርሳል፤ ፍጥነቱ ወደ 350 ሚሊሴኮንድ ከተስተካከለ ከ70 ሴኮንድ በላይ ይወስድበታል። ሰው ሲናገር አንድ ክፍለ ቃል 200 ሚሊሴኮንድ ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ በፈጣኑ ማስተካከያ ከአንድ ጣቢያ የሚሰማው ግማሽ ክፍለ ቃል ነው፤ በዘገምተኛው አጭር ስም ወይም "አዎ"፣ "ሂድ"፣ "ማን" የሚያክል ቃል ሙሉ ሊያልፍ ይችላል። "አጭር መልስ ብቻ ነው የሚሰጡት" የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው። ይህን ዓይነት ሣጥን በ2002 መጀመሪያ የሠራው አሜሪካዊው ፍራንክ ሰምፕሽን ነው፤ ሐሳቡ ግን ስዊድናዊው ፍሪድሪክ ዩርገንሰን በ1959 የወፍ ድምፅ ሲቀርጽ የሰው ድምፅ ሰማሁ ካለበት ጊዜ ጀምሮ ይዞራል።

ለመፈተን ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፦ ሬዲዮውንና ድምፅ መቅረጫውን አብሮ እያበሩ ክዳኑ በደንብ የሚገጥም የብረት ጣሳ ውስጥ መክተት። ብረቱ የሬዲዮ ሞገድን ስለሚከለክል ጣቢያዎቹ ይጠፋሉ፤ የሚቀረው ቃል የሌለው የ"ሽሽ" ድምፅ ብቻ ነው። መንፈስ በሬዲዮ ሞገድ ሳይሆን በራሱ መንገድ ይናገራል የሚል ካለ፣ ጣሳው ውስጥም መናገር ነበረበት። የጆሮ ማዳመጫ ሽቦ ከጣሳው እንዳይወጣ መጠንቀቅ ነው፤ ሽቦው ራሱ አንቴና ይሆንና ሙከራውን ያበላሻል። ሁለተኛው፦ 10 ጥያቄ ጠይቆ 10ሩን "መልስ" በተለያየ ወረቀት መጻፍ፣ ጥያቄዎቹን ያልሰማ ሦስተኛ ሰው ደግሞ የትኛው መልስ የየትኛው ጥያቄ እንደሆነ እንዲያጋጥም ማድረግ። በዘፈቀደ ቢጋጠሙ በአማካይ የሚገጥመው 1 ነው። 4 እና ከዚያ በላይ በዕድል ብቻ የሚገጥመው ከመቶ 2 ጊዜ ገደማ ነው። ሬዲዮው ይህን ፈተና ሲወድቅ ማየት ለአንድ ከሰዓት የሚበቃ ትምህርት ነው። ስልክ ላይ የሚጫኑት "መንፈስ አነጋጋሪ" መተግበሪያዎች ከዚህም ያነሱ ናቸው፤ ከተዘጋጀ ዝርዝር ቃል እያወጡ ከማሳየት ያለፈ አያደርጉም፤ አትጫኗቸው።

ድምፅ መቅረጫው ያለ ማስተካከያ ከተተወ ራሱ መንፈስ ይፈጥራል። ጸጥታ ሲሆን የድምፅ መጠኑን በራሱ ከፍ የሚያደርገው ቅንብር ካልጠፋ የገዛ ራሱን የኤሌክትሮኒክስ ጩኸት ያጎላዋል፤ ያ ጩኸት በኤምፒ3 ሲጨመቅ የሚያወጣው ግርግር ደግሞ ለጆሮ ቃል ይመስላል። "ድምፅ ሲሰማ ብቻ ቅዳ" የሚለውም መጥፋት አለበት፤ የየቃሉን መነሻ ይቆርጣልና "አልሰማም" ተቆርጦ "ሰማም" ሆኖ ይቀራል። በዋቭ፣ በ44.1 ኪሎሄርዝና በ16 ቢት ይቀረጽ፤ በአንድ ቻናል በደቂቃ 5 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል። መቅረጫው እጅ ላይ አይያዝ፤ የጣት ማሻሸት ሹክሹክታ ይሆናል። የቀረጸው ሰው ሆዱ ቢጮህ፣ ወንበር ቢንቀጠቀጥ ወዲያው ጮክ ብሎ "የእኔ ሆድ ነው" ይበል፤ ነገ አዳማጩ አያስታውስም። ማዳመጡ ላይ ደግሞ ሦስት ሰዎች ለየብቻ፣ ሳይነጋገሩ፣ የሰሙትን ይጻፉ። "ስሙን እየጠራ ነው፣ ሰማችሁ?" ከተባለ በኋላ ሁሉም ስሙን ይሰማል።

የናስ ዘንጎቹና የተንጠለጠለው ድንጋይ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም የእጅን እንቅስቃሴ ያጎላሉ። ኤል ቅርጽ ያለው ዘንግ መያዣው ከአግድም ትንሽ ሲያጋድል በራሱ ክብደት ይሽከረከራል፤ ባለቤቱ እጁ መንቀሳቀሱን ፈጽሞ አያውቀውም። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ካርፔንተር በ1852 አይዲዮሞተር ብሎ የሰየመው ይህንኑ ሳያውቁት የሚደረግ እንቅስቃሴ ነው። በማግሥቱ ዓመት የፊዚክስ ሊቁ ማይክል ፋራዴይ ያደረገው ግን ሳጥኑ ውስጥ ካለው ሁሉ ይበልጣል፤ ለመሥራትም ካርቶን፣ ጭድ ወይም መጠጫ ቱቦና ላስቲክ ይበቃል። በዚያን ጊዜ ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ እጃቸውን አሳርፈው ሲቀመጡ ጠረጴዛው ይሽከረከር ነበር። ፋራዴይ በእጆቻቸውና በጠረጴዛው መካከል ለስላሳ ማጣበቂያ የተቀባ ብዙ ካርቶን ደረበ። ጠረጴዛው እጅን የሚጎትት ከሆነ የታችኛው ካርቶን ቀድሞ መንሸራተት አለበት፤ እጅ ጠረጴዛውን የሚገፋ ከሆነ ደግሞ የላይኛው። ከሁሉም ርቆ የሄደው የላይኛው ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በካርቶኖቹ ላይ የጭድ አመልካች ተክሎ እጅ ወደ ጎን መግፋት ሲጀምር ወዲያው እንዲታይ አደረገ፤ ተቀማጮቹ አመልካቹን እያዩ ሲቀመጡ ጠረጴዛው መንቀሳቀሱን አቆመ። አሁን ያው ተጫዋቾች በጋራ የሚይዙት ጠቋሚ ፊደል እየጠቆመ የመንፈስ መልስ ይጽፋል በሚባልበት በ"ፊደል ሰሌዳ" ጨዋታ ላይም ይሠራል፦ የተጫዋቾቹን ዓይን ሸፍናችሁ ሰሌዳውን ሳያውቁ 180 ዲግሪ አዙሩት። ጠቋሚው ፊደሎቹ ድሮ ወደነበሩበት ባዶ ቦታ ይሄዳል። በዘንግ ውኃ ፍለጋም በ1990 ጀርመን ካሰል ከተማ ውስጥ ተፈትኗል፤ ፈላጊዎቹ ከመሬት በታች በተቀበረ ቧንቧ ውስጥ ውኃ እየፈሰሰ መሆን አለመሆኑን መናገር ነበረባቸው፤ ውጤታቸው ከዕድል አልዘለለም።

ሐምራዊው የእጅ ባትሪ መንፈስ አያሳይም። በሳሙና የታጠበ ልብስ፣ ወረቀትና ቶኒክ ውኃ ሲያበሩ ማየት ደስ ይላል፤ ወደ ዓይን ግን አታብሩት።

ካርዶቹ የሳጥኑ ምርጥ ዕቃ ናቸው፤ ርካሹም። ክብ፣ መስቀል፣ ሞገድ፣ ካሬና ኮከብ፣ ከእያንዳንዱ አምስት። ካርል ዜነር የነደፋቸውን ጆሴፍ ራይን በ1930ዎቹ በዱክ ዩኒቨርሲቲ "ከስሜት ውጭ ማወቅ"ን ለመፈተን ተጠቅሞባቸዋል። አንዱ ሰው ካርዱን ያያል፣ ሌላው ምልክቱን ይገምታል፤ ከ25 በግምት ብቻ የሚጠበቀው 5 ነው። መደበኛ ልዩነቱ 2 ስለሆነ 3 ወይም 7 ያገኘ ሰው ምንም አልሆነም። 9 እና ከዚያ በላይ በዕድል የሚገኘው ከመቶ 5 ጊዜ ያህል ነው፤ በመሆኑም ሃያ ተማሪ ያለበት ክፍል ውስጥ አንድ "ነቢይ" ቢገኝ አይገርምም። ያንን ልጅ ለብቻው እንደገና መፈተን እንጂ ማክበር አይገባም።

የሚበላሸው የት ነው? የሳጥኑ ካርዶች ስስ ናቸው፤ ወደ መብራት ሲያዙ ምልክቱ ከጀርባ ይታያል። ያዢው መነጽር ካደረገ ካርዱ መነጽሩ ላይ ይንጸባረቃል። ሁለቱ ሰዎች በመጋረጃ ሳይሆን በግድግዳ ይለዩ፤ "ቀጣዩን ገምት" የሚለው ጥሪም በቃል ሳይሆን በአንድ ወጥ ማንኳኳት ይሰጥ፤ የድምፅ ቃና ይመሰክራልና። ከየካርዱ በኋላ "ትክክል" ወይም "ስህተት ነው፣ ኮከብ ነበር" መባል የለበትም፤ ያለፉትን የሚቆጥር ብልህ ተጫዋች በዚህ ብቻ ከ8 በላይ በአማካይ ማግኘት ይችላል። ምን ያህል ዙር እንደሚደረግና ስንት ሲገኝ "አለ" እንደሚባል ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ይስማሙ። የመድረክ አስማተኛው ጄምስ ራንዲ ከተፈጥሮ በላይ ኃይል እንዳለው ላረጋገጠ ሰው በ1964 የጀመረውና እስከ 2015 የዘለቀው፣ በኋላ 1 ሚሊዮን ዶላር የደረሰው ሽልማት የሚሠራው በዚሁ ነበር፦ ሁለቱም ወገን አስቀድሞ በተስማማበት ፈተና። ማንም አልወሰደውም።

ሳጥኑ ውስጥ የሌለው ነገር ግን ከሁሉ ያሳስባል። በ1921 ዊልያም ዊልመር የተባለ የዓይን ሐኪም በቤታቸው የእግር ኮቴ የሚሰሙ፣ ሰው የሚታያቸው፣ ራስ ምታት የሚያስቸግራቸው ቤተሰብን ጉዳይ አሳትሞ ነበር። ምክንያቱ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚለቅ የተበላሸ የቤት ማሞቂያ ነበር። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ይገድላል። የአውሮፓን መለኪያ ያሟላ የማስጠንቀቂያ መሣሪያ በ50 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 50ው ይህ ጋዝ ሲሆን) ከ60 እስከ 90 ደቂቃ፣ በ300 ፒፒኤም ግን በ3 ደቂቃ ውስጥ ይጮኻል። አሮጌ ቤት ገብቶ ሊያድር ያሰበ ልጅ ሬዲዮውን ትቶ ይህን ይያዝ።

ዝቅተኛ ድምፅም ሳይታወስ ይቀራል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ቪክ ታንዲ በ1998 ባሳተመው ጽሑፍ እንደተረከው፣ አንድ ቤተ ሙከራ ሠራተኞችን የሚያስፈራበትን ምክንያት ሲፈልግ ወደ 19 ሄርዝ የሚጠጋ፣ ጆሮ የማይሰማው ሞገድ የሚፈጥር የአየር ማራገቢያ አገኘ፤ ፍንጩን የሰጠው የሻሞላ ስፖርት ጎራዴው ማሠሪያ ላይ ሆኖ በራሱ መንቀጥቀጡ ነበር። በዚያ ድግግሞሽ የግማሽ ሞገድ ርዝመት 9 ሜትር ገደማ ነው፤ ያንን የሚያህል ክፍል ሞገዱን ይዞ ያስተጋባዋል። የሳጥኑ መቅረጫ ከ20 ሄርዝ በታች ያለውን ስለማይሰማ ማራገቢያና ፓምፕ ሁሉ ማጥፋት ይቀላል።

ሳጥኑ ሲደርሳችሁ የመመለሻው ጊዜ ሳያልፍ ይፈተሽ። ቴርሞሜትሩ፦ የተፈጨ በረዶና ጥቂት ውኃ በሰፊ ሳህን ተማስሎ ከ10 ሴንቲሜትር ላይ ሲነበብ ከ0 ዲግሪ በ2 የማይበልጥ ልዩነት ማሳየት አለበት። መለኪያው፦ ሥራ ላይ ካለ ፍሪጅ ሞተር ጀርባ ሲቀርብ መብራቶቹ ተራ በተራ ይብሩ፣ ሲርቅ ተራ በተራ ይጥፉ፤ አንዱ ከዘለለ ይመለስ። ካርዶቹ፦ 25 መሆናቸው ይቆጠር፣ ወደ አምፖል ተይዘው ይታዩ፤ ካሳዩ ወፍራም ወረቀት ጀርባቸው ላይ ይለጠፍ።